ማሞቂያ ሆንኩልህ

ብርዳሙ ወዳጄ፣

ሰው በስተርጅና ምን ይሆናል? እኔ ማሞቂያ ሆንኩልህ! የእህቴ ልጅ እዚህ ፈረንጅ አገር ለማስተርስ መመረቂያዋ ያለ እሳት፣ ያለ መብራት የምትሞቅ ክፍል ሠርታለች። ክፍሏ ካልሞቀች ልጅቷ ወደቀች። «ጋሼ፣ ግድግዳውን በጭድ ጠቅጥቄዋለሁ፤ የገላህ ሙቀት ይበቃታል» ብላ ዘጋችብኝ። ውጭው በረዶ ነው። የእኛ ቤት ቢሆን ነፋሱ በበሩ ስር ሳያንኳኳ ይገባ ነበር፤ እዚህ ግን ሞቆኝ እንቅልፍ ጣለኝ። እያንኮራፋሁ ሳለ ፈታኞቹ ገቡ። ኮስታራው፣ «ማሞቂያው የታለ?» አላት አሉ።

«አጎቴ ነው፤ ድምፁን መቀነስ ግን አቃተኝ።»

ስነቃ ሰውዬው ኮቱን አውልቆ ይስቃል፣ እሷ ታለቅሳለች። አለፈች!

ሰፈሩን ሁሉ ሳምልኝ፤ ፖስት ካርዱ ጠቦኝ በየስማችሁ ባልጠራችሁ አትቀየሙ። ለእህቴ ግን ሮጠህ ንገራት፤ እልልታውን አንተ ጀምርላት።