ከረግረጉ ያነደድኩት ጋዝ

ጥር 14 ቀን 1967፣ አቀስታ
ጠዋት ውርጭ። ከዘመቻ ጣቢያችን በታች ያለው ረግረግ፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። መንደሩ ከብቱን ሩቅ ነው የሚያሰማራው። እዚህ የምትግጠው የእትዬ ወርቂቱ ላም ብቻ። ለምን? «ጂኒ አለበታ» አሉኝ ሼህ ጀብሪል። ውሃው ያለ እሳት ይፈላል...

ጥር 19
የሚፈላው ሜቴን ነው፣ የሚነድ ጋዝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነገር እግሬ ሥር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ደስ አለኝ። ጋዙን ልይዝ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ ደፋሁበት፣ ጭቃውን በዱላ ነካካሁ። ጠዋት በብርዱ ጥቂት ነው፣ ከሰዓት ይበዛል። ሣሩ ዳር ግን የለም ማለት ይቻላል።

ጥር 23
እትዬ ወርቂቱ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ባለቤታቸው በክፉ ቀን፣ በ65 ሞተዋል። ላሚቱን ያተረፋት ይሄ ሣር ነው፤ እሳቸውን ወተቷ።
ነገርኳቸው። ከታች፣ አየር በሌለበት ጭቃ፣ ጋዙን የሚሠሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ከላይ ደግሞ የሚበሉት። ባሕርም እንዲሁ ነው፤ ከወለሉ የሚነሳው አብዛኛው መንገድ ላይ ይበላል።
«ባሕር ደጋ ነው ቆላ?»
አሰብኩ። በብዙ ቦታ ላዩ ቆላ፣ ታቹ ደጋ አልኳቸው።
«እንግዲያ የታቾቹ እንደኛ ናቸዋ። በብርድ ያገኙትን በልተው ዝም።»
ሳቅን።

የካቲት 3
የጣቢያ መሪያችን አድማሴ «ጂኒውን በሕዝብ ፊት እንቅበረው» ብሎ ሰው ሰበሰበ። ጋዝ በያዘው ጠርሙስ አፍ ላይ ክብሪት ጫርኩ... ሰማያዊ ነበልባል፣ ለአፍታ። መጀመሪያ ሸሹ። ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ይስቁ ጀመር። ሼህ ጀብሪል፣ «ሱብሃን አላህ፣ ይሄን ኖሯል የፈራነው?»
ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ኮራሁ። እትዬ ወርቂቱ አልሳቁም።

የካቲት 11
ረግረጉ ላይ አሥራ ዘጠኝ ከብት።

የካቲት 20
ሣሩ አለቀ። የእትዬ ወርቂቱ ላም ጎኗ ገብቷል፣ ወተቷ ነጥፏል። ጂኒው ዘበኛቸው ነበር ለካ። ያባረርኩባቸው እኔ። እንዴት አላሰብኩም? ሣሩ እንዳተረፋቸው ነግረውኝ ነበር እኮ...
ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። በርጩማ አቀረቡልኝ፤ ይሄ ባሰብኝ።
«አብሽሪ ልጄ። አንቺ እውነቱን ነው የተናገርሽ። እኔን ያበላኝ ግን ውሸቱ ነበር።»


የካቲት 27
የመሬት አዋጁ በራዲዮ ከተነገረ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ መሬት ነው የሚያወራው። ነገ በረግረጉ ጉዳይ ስብሰባ አለ። አድማሴ «ስለ ጋዙ ንግግር አዘጋጂ» አለኝ።
አዘጋጀሁ። ሣሩ እስኪያገግም ይከለል፣ ከዚያ ሩቡ ለእትዬ ወርቂቱ ይሁን ይላል። ስለ ጋዝ አንድም ቃል የለበትም።