በሔሩይ መዝገብ የጠበበው ሣጥን

ለልጄ ለሽመልስ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሩት እንዴት ናት? ልጃችሁ ናፍቆት ማንበብ ጀመረች? የናይሮቢ ዝናብ ያን ሳልህን አልቀሰቀሰብህም? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። በላክኸው ካርድ ላይ ቀን አልጻፍክም፤ እንዲህ አላስተማርኩህም።

ወንድምህ ሔሩይ ካረፈ በታኅሣሥ ዓመት ይሞላዋል። የዕድራችን ኮምፒውተርም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በጥቅምት ተቃጠለና አዲስ ተገዛ። ሔሩይ የሠራውን የአባላት መዝገብ ፕሮግራም ለአዲሱ እንድታዘጋጅልን የጎረቤታችንን የለተመድህንን ልጅ ትምኒትን ለመንኳት። በዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ግቢ ኮምፒውተር ትማራለች። አዘጋጀችው፤ ግን ገና ሲከፈት ይዘጋል። ሦስት ቀን ፈልጋ ስሕተቱን አገኘች። ሳትነኪው አስረጂኝ ብላት፣ «ኣደይ፣ ፈተና ላይ አስቀመጡኝ እኮ» ብላ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሔሩይ የእያንዳንዱ አባል ስም በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠበትን አድራሻ በተራ የቁጥር ሣጥን ይዞታል። በአሮጌው ማሽን አድራሻውም ሣጥኑም፣ ቢት በሚሉት የኮምፒውተር መለኪያ፣ ሠላሳ ሁለት ቢት ስለነበሩ ልክክ ይሉ ነበር። በአዲሱ አድራሻው ስድሳ አራት ሆነ፣ ሣጥኑ ባለበት ቀረ፤ ግማሹ ተቆርጦ የትም የማያደርስ አድራሻ ሆነ። በየትኛውም ማሽን ለአድራሻው እንዲበቃ ተብሎ የተሠራ የቁጥር ዐይነት አለ አለችኝ።

ይህን ስሰማ ቁጭ አልኩ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ አንተ ቃል በቃል ብለኸው ነበር። ሔሩይ ለእኛ ማሽን ይበቃል ሲል እኔም ደገፍኩት። መዝገብ በልክ እንድታሰምሩ፣ ወረቀት እንዳታባክኑ ሁለታችሁንም ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ትርፍ ቦታ መተው ስንፍና ይመስለኝ ነበር። በወንድምህ ሥራ አትቅና አልኩህ። በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስትሄድ አልሸኘሁህም። ለቀብሩ ስላልመጣህ ያን ቃሌን እንጂ አንተን አልወቅስም። ይቅር በለኝ።

የሚታረመው ስድስት ቦታ ነው። ትምኒት አምስቱን አርማለች፤ ስድስተኛውን እንዳትነካ ከልክያታለሁ። እስከዚያ መዝገቡን በእጄ በደብተር እጽፋለሁ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከሁሉ በፊት መግባት ያለበት የሔሩይ ዕረፍት ነው። በደብተሩም አልጻፍኩትም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፣ ሰፋ አድርጌ። ለሙት ዓመቱ ና፣ ልጄ፤ በአንተ እጅ ይግባ።

ሩትን ሰላም በልልኝ። ናፍቆትን ግንባሯን ሳምልኝ። ለተመድህን ሰላም ብላሃለች፤ ትምኒትም ስድስተኛውን እንዲያርሙት ቶሎ ይምጡልን ብላለች። አልጋህን አንጥፌዋለሁ።

እናትህ የኔአለም
መቐለ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.