ነጅማ የምትዘለው መስመር

ይድረስ ለሐጅ መጥተሽ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ላረፍሽው እናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ከአውቶብሱ ስትወርጂ ስታነክሺ አይቻለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ አልታይም እንጂ።

አትቆጪ፣ ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ጅዳ፣ ወደቡ አጠገብ ካለ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ማቲያስ የሚባል ያገራችን ኢንጂነር ሰውን የሚሰውር ቅባት ይሞክር ነበር። «የሚሰወረው ገላህ ብቻ ነው፤ በሦስት ቀን ይለቅሃል» አለኝ። ፖሊስ ካላየኝ ምን ገዶኝ! የታዘዘልኝ አንድ ብርጭቆ ነበር። እኔ ግን ካራንቲና ሰፈር አብሮኝ የሚኖረውን ጀሚን ላስደነግጥ ብዬ ጀሪካኑን ሙሉ ተለቀለቅሁት። ጀሚ ታዲያ ባዶ ጀለቢያ ሲጨፍር አይቶ ሱሪው ላይ... ተይው። ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ፣ አለቀቀኝም።

እማዬ፣ መረረኝ! ለብሼ ስወጣ ጂን እባላለሁ። አውልቄ እንዳልመጣ ሐረም መስጊድ ራቁት አይገባም፤ ሰው ባያየኝ አላህ ያየኛል። ወደ አገሬ መልሱኝ ልል እጄን ልሰጥ ሄድኩ፤ ያ ግንድ የሚያክል ፖሊስ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ጫማውን ጥሎ ፈረጠጠ። ሰው ፖሊስ ይሸሻል፣ እኔን ፖሊስ ይሸሸኛል!

ትናንት አብራሽ ላለችው ለነጅማ «አርብ ልንሳፈር ነው፤ የልጄን ፊት ሳላይ ብመለስ ልቤ እዚሁ ይቀራል» ስትያት ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ምን ለብሰህ ብለሽ አትጠይቂኝ። ልጠራሽ አፌን ከፈትኩና ትደነግጫለሽ ብዬ ዋጥኩት።

ማቲያስ ማርከሻ አለው። ነገ እወስደዋለሁ።

ነጅማ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ይቺን በሆድሽ አንብቢያት፤ ማርከሻው ገላዬን መልሶ ዓይኔን ይወስዳል። ማቲያስ ራሱ ይቅርብህ ብሎ ለምኖኛል። እንዳታለቅሺ፣ ታውቅብሻለች። «ምነው ዝም አልሽ?» ካለችሽ «ጽሕፈቱ አይነበብም» በያት፤ ከስድስተኛ ክፍል እንደተባረርኩ ስለምታውቅ ታምንሻለች።

እማዬ፣ ቀጠልኩ። ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ደጃፉ ላይ ጠብቂኝ። ጀሚ እጄን ይዞ ያመጣኛል፤ መንገዱ ስለሚጠፋኝ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳይሽ ዋልኩ፤ ግንባርሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳትቀር፣ ስትስቂ በእጅሽ የምትሸፍኚውን ጥርስ ሳይቀር። አልጠገብኩም። ስንገናኝ ግን ተራው ያንቺ ነው፤ ፊቴን በሁለት እጅሽ ይዘሽ እስክትጠግቢ እይው፣ አትቸኩይ።

አላህ ሐጅሽን ይቀበልሽ፤ ጉልበትሽን ይጠግንልኝ። ዱዓ ላይ ስሜን አስቀድሚልኝ።

አስቸጋሪው ልጅሽ