የሰባተኛው ጥያቄ ባቡር

ሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በረንዳው ዛሬም ሞላ። ሦስቱ የድሮ ተማሪዎቼ ከፈተናው በቀጥታ ወደኔ መጡ። ማስተማር ከተውሁ ወዲህም አይተዉኝም። የአዳማ ባቡር ጣቢያ ሁለት ጸሐፊዎች ይቀጥራል፤ የሒሳቡ ፈተና በመስመሩ ላይ ላሉ ከተሞች ሁሉ አንድ ነው፤ ታሽጎ መጣ።

መልስ አስተያየን። እስከ ስድስተኛው ሰላም። ሰባተኛው፦ ባቡር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሣ፤ በሰዓት 30 ኪ.ሜ. ይሄዳል፤ 390 ኪ.ሜ. ርቆ ያለው ጣቢያ መቼ ይደርሳል? ደምሴ ከምሽቱ 3 ሰዓት አለ። ልክ ነው። ቶሎሳና ከድር በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አሉ። ሁለቱም! ደምሴ፣ በበቅሎ ነው እንዴ የሄዳችሁት ብሎ ሳቀባቸው።

እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ልክ መልስ ቢያመጣ አይገርመኝም። አንድ ዓይነት ስሕተት ግን ከየት ይመጣል? የተቀመጡት ባንድ አግዳሚ ላይ ነው። አብራችሁ ነበር የተቀመጣችሁት ብዬ ጠየቅሁ፤ አልካዱም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

የጣቢያው ሹም አስጠራኝ። ሦስቱን የማውቅ እኔ ስለሆንሁ እስከ ሐሙስ ምስክርነት እንድጽፍ አዘዘኝ። የኮረጀ ካለ ስሙ ይጠራ። ስሙ የተጠራ በዚህ መስመር ላይ ከእንግዲህ ሥራ አያገኝም።

ቶሎሳ ከወለንጪቲ መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የተማረው ለዚህ ነው። ከድር የአባቱን ሱቅ እምቢ ያለው ለዚህ ነው። አውቃለሁ። ቢሆንስ? ማን ከማን ቀዳ?

ረቂቅ ጀመርሁ። የሁለቱንም ስም ጻፍሁ። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ፊርማዬን አላኖርሁበትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14፣ ጠዋት

ለየብቻ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ቶሎሳ። ጥቁር ሰሌዳ ሰጠሁት፤ እንደገና ሥራው አልሁት። አሥር ሰዓት ቆጠረ፤ ከምሽቱ 12 ላይ መስመር አሰመረና ቆመ። ለምን ቆምህ? የምቀልድበት መሰለው።

«ሲመሽማ ያድራል እንጂ፣ የኔታ!»

በማግስቱ 1 ሰዓት አስነሣው፤ የቀረውን ሦስት ሰዓት ጨመረ፤ አራት። ሸኘሁት። ከድር መጣ፤ አልተገናኙም፤ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ያው መስመር፣ እዚያው ላይ።

«በሌሊት ማን ይነዳዋል፣ የኔታ? ጅብ?»

እውነት ነው። የኛ ባቡር ሌሊት አይሄድም። ሲመሽ ጣቢያ ያድራል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሣል። ከሞጆ እስከ ወለንጪቲ ይህን የማያውቅ የለም። የሁለቱንም ስም ሰረዝሁ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

አላረፍሁም። ደምሴ! አባቱ ለባቡሩ ውሃ የሚሞላ ነው፤ ልጁ ጣቢያው ውስጥ አደገ። ባቡር እንደሚያድር ከሁለቱ ይበልጥ የሚያውቅ እሱ ነው። ታዲያ እንዴት ሳያሳድረው ቀረ? የታሸገውን ፈተና ከፉርጎ አውርዶ መጋዘን ያስገባውስ ማን ነው? አባቱ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ደምሴን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። መልሱን ማን ነገረህ? ፊቱ ተለወጠ። ፈታኙ ማኅተሙን ለሁላችንም አሳይቶ ነው የቀደደው አለ። ማኅተም ተነሥቶ ይመለሳል አልሁት። ባቡሩንስ ለምን አላሳደርኸውም?

«የወረቀት ባቡር መቼ ውሃ ይጠጣል፣ የኔታ? እሱ አያድርም።»

ቀልድ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። ከማንም ሊሰማው የማይችለውን ጥያቄ እዚያው ፈጠርሁ፦ አንድ ሰው በቀን ሁለት ክንድ ጉድጓድ ይቆፍራል። ዓርብ ቢጀምር የሚመጣው ሐሙስ ማታ ስንት ክንድ ይደርሳል? ጠመኔውን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው።

«ሰውየው የወረቀት ነው የአዳማ? የአዳማ ከሆነ እሑድ አይቆፍርም።»

በሁለቱም ሠራው። 14። 12። የሰረቀ ልጅ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። መልሱን ይዞ ይሮጣል።

9 ሰዓት። ጻፍሁ፦ ሦስቱም በገዛ ራሳቸው ሠርተዋል። ሁለቱ ከሦስተኛው የተለዩት እነሱ የመስመሩን ባቡር፣ እሱ የወረቀቱን ስላሰቡ ነው፤ ጥያቄው የትኛውን ባቡር እንደሚል አይናገርም። ሹሙ ፈተናውን ይነቅፋል ብሎ ይህን የመጨረሻውን አውጣው ይለኛል። አላወጣም።

የሹሙ ተላላኪ ደጅ ቆሟል፤ ልውሰደው ይላል። ለሱ አልሰጥም። ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ ሹሙ እፊቴ እስኪያነበው ድረስም ከዚያ አልነቃነቅም።