አንድ ኪሎ ሜትር ጤፍ

ሶዶ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ውድ ቶማ፣

ጤንነትህን ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ጤፍ ቆጠርሁ። አሥር ሺህ ፍሬ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁሉም ተሰብስቦ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አልሞላም።

ተማሪዎችህን ጤፍ በማስመሪያ ላይ ያስደረደርህበትን ቀን አትረሳውም። አሥር ፍሬ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል። ኢንስፔክተሩ የገባው ያኔ ነው።

«ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?»

«አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ጤፍ እንደሚሆን እያሰላን ነው፣ ጌታዬ።»

ጠመኔውን ከእጅህ ወስዶ አንድ ኪሎ ሜትር መቶ ሺህ ሚሊ ሜትር ነው ብሎ ጻፈ። አንተ ቀስ ብለህ «አንድ ዜሮ ቀርቷል፤ ሚሊዮን ነው» አልህ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ፊቱ ጠቆረ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ወደ እኔ ዞረ።

«ቦጋለ፣ አንተም የሒሳብ አስተማሪ ነህ። የተሳሳተው ማን ነው?»

አውቅ ነበር። ሰውዬው ግን አባቴን ያውቃል፤ እንጀራዬም በእጁ ነው። «እርስዎ ልክ ነዎት» አልሁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቃህን በተማሪ ፊት በሐሰት አዋርደሃል ተብለህ አርባ ኪሎ ሜትር ርቃ ወዳለችው ቤሌ ተዛወርህ። ባለቤትህ አስናቀች እርጉዝ ስለነበረች እዚሁ ቀረች። አውቶቡሱ ሲነሣ ጨብጠኸኝ ሄድህ።

የካድሁት ምን ያህል እንደሆነ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ያንኑ ማንኪያ መቶ ጊዜ ወደ ጣሳ ገለበጥሁ። ሚሊዮን። አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ ጣሳ ውስጥ! እጄን ከትቼ ረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ከሶዶ እስከ አንተ አርባ ጣሳ ያህል ነው፤ ግማሽ ጆንያ አይሞላም። በኢንስፔክተሩ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ቤሌ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ትሆን ነበር። ከሥራ ስትወጣ በእግርህ ቤትህ ትገባ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጅህን አየኋት። የትንሿ ጣቷ ጥፍር ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ያ ጥፍርና አንተን ከእሷ የለየው መንገድ በአንድ መለኪያ ይለካሉ፤ ይህን ለዓመታት አስተምሬ አላውቀውም ነበር።

በማግሥቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ የተሳሳተው ኢንስፔክተሩ፣ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንሁ ጽፌ ሰጠሁ።

ኃላፊው አነበበና «ለአንድ ዜሮ ብለህ?» አለኝ።

«ለቶማ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱ ይመለስ ካልህ ቤሌ ያለ አስተማሪ አትቀርም። አንተ ትሄዳለህ።»

ፈረምሁ። ቅዳሜ አንተ ትመጣለህ፣ እኔ እሄዳለሁ።

ትናንት ለአስናቀች ሁሉንም ነገርኋት። በእኔ ምክንያት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ልወጣ ስነሣ ነው የተናገረችው።

«ቤሌ ወባ አለ፣ መምህር። ኪኒን ይያዙ።»

በሰላም ግባ።

ባልደረባህ ልበል አልበል ያላወቅሁት፣
ቦጋለ