ለኤልሳ የተገባ ስለት

መርሳ፣ ረቡዕ ኅዳር 11

ሰሞኑን ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር የደራሲ ሴቶች ወጥ እንደማያርርባቸው ነው። ይህች ኤልሳ የምትባለው ደግሞ መስኮት ዳር ቆማ ሦስት ገጽ ሙሉ ደመና ታያለች። እኔ አንዷን ገጽ ሳልጨርስ ልጆቼ ይደባደባሉ። ያም ሆኖ ዛሬ ከማንጎው ጥላ ሥር ምስር እየለቀምን ለአማቴ ሳነብላቸው፣ ያ ደመና ቀስ ብሎ ወደ ግቢያችን የገባ መሰለኝ። እጄ ምስሩን ረሳው።

ኤልሳን ሳል ሲጀምራት አማቴ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ።

«ለታኅሣሥ ገብርኤል ጃንጥላ ተስዬላታለሁ። ትድናለች።»

«እማማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? እሷ የሰው ልጅ አይደለች? በይ ነገ ጨርሺልኝ።»

መጨረሻውን እኔ ሰርቄ አይቼዋለሁ፤ ደራሲው ገድሏታል። አማቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ነገ ኤልሳ ከበሽታዋ ድና፣ በወግ ተድራ መንታ ትወልዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ደመና የምታይበት ጊዜ አይኖራትም። እማማም ስለቴ ሰመረ ብለው ጃንጥላቸውን በደስታ ያስገባሉ።

ገብርኤል ግን ማንበብ ይችላል።