ሁለት ስለት ለአንድ ታቦት

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የደብረ ብርሃን ብርድና ሥራ እንዴት ይዘውሻል? እኛ ደህና ነን፤ በጎቹም ደህና ናቸው። አያታችን መሪጌታም ሲያስነጥሳቸው እስከ ሞላሌ ገበያ ይሰማል፤ ደህና ናቸው። እኔም ከአንገቴ በታች እግዚአብሔር ይመስገን።

ያልደወልኩልሽ የእናታችን ስልክ በላውድ ካልሆነ ስለማይሰማ ነው። ይሄን ደግሞ ሰፈሩ እንዲሰማው አልፈልግም።

የላክሽልኝን የሩጫ ጫማ አድርጌ ዳገቱን በፍጥነት ስወጣ ራሴን ይፈልጠኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ስቆም ይተወኝ ነበር። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ግን አናቴን በመጥረቢያ የመቱኝ ያህል ድንገት መጣ፤ አስመለሰኝ፤ ቀኑን ሙሉም አልለቀቀኝ። ለመሪጌታ ብነግራቸው፣ «ራስ ምታት የሚይዘው ውስጡ ነገር ያለበትን ራስ ነው፤ አንቺን በምን አገኘሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ቆይተው ግን ዳማከሴ አሸተቱኝ፤ ግንባሬን በመቀነት ጠፍረው ዳዊት ይደግሙልኝ ጀመር። ገና ሩቡን ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

የባሰው የእናታችን ነው። ቅዳሜ መሐል ሜዳ ላይ ለክለብ ምርጫ እንሮጣለን። ካሸነፍኩ ለገብርኤል ጃንጥላ ልታስገባ ተስላለች፤ ያውም በሰንበቴው ሁሉ ፊት። ሴቶቹ ከወዲሁ በቀለሙ እየተጣሉ ነው። እኔም እሑድ ሰዉ ሰንበቴ ሲገባ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ እንድሸነፍ ካደረግኸኝ ሁለት ጧፍ አበራልሃለሁ ብዬ ለዚያው ለገብርኤል ተሳልኩ። ጃንጥላና ጧፍ ሲወዳደሩ ማን እንደሚያሸንፍ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ትናንት ተደብቄ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ሩጫ የሚቀሰቅሰው ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ ክፉ እንዳልሆነ ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል የማክሰኞውን ጠየቀኝ። ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደብረ ብርሃን ሄደሽ ራስሽን በመሣሪያ ሳትታዪ አንድ እርምጃ እንዳትሮጪ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ከቤተሰብሽ ራሱን አሞት ድንገት የወደቀ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

እትዬ፣ ለምን እንደዋሸሁት አልገባኝም። አፌ «አለ» ማለት እምቢ አለኝ። ማክሰኞ ያስመለሰኝ እኮ አባባ የገብሱን ነዶ አውርዶ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ የቀረባት ድንጋይ ጋ ስደርስ ነው። እናታችን እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አታልፍም፤ በወንዙ ዞራ ነው ገበያ የምትሄደው። ታዲያ እኔ በየትኛው አፌ ልንገራት?

ቀልዴ አልቆብኛል። ከቅዳሜ በፊት ድረሺልኝና አንቺ ንገሪያት። ከዚያ ይዘሽኝ ሂጂ፤ ሐኪሙ ሲጠይቅም አንቺ መልሺለት።

ይሄን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ወንድምአገኝ ፌስታልም ይሰጥሻል። ጫማው ነው፤ ጭቃውን አጥቤዋለሁ። ለእናታችን ሶሉ ተገንጥሎ ሊሰፋ ተላከ ብያታለሁ። ሶሉ ምንም አልሆነም።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በደህና ያገናኘን።

ለጊዜው ራስ ያላት
ታናሽ እህትሽ